ስሕተት የማይገድልበት ትምህርት ቤት

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሙያ ሊማር የገባ ልጅ መጽሐፍ አይሰጠውም፤ ሰሌዳ ፊትም አይቀመጥም። አሮጌው የዘይት በርሜል በመሮ ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተደብድቦና ተዘርግቶ፣ የከሰል ምድጃ ወይም የልብስ ሣጥን እስኪሆን ድረስ ባለሙያው ሲመታ እሱ ይይዛል፤ ላሜራው የሚታጠፍበትንም ጠርዝ በዓይኑ ይከተላል። ከወራት በኋላ መዶሻው ለእሱ የተሰጠው እንደ ሆነ፣ ምቱ ሲበዛ ላሜራው እንደሚቀደድ፣ ሲያንስም መገጣጠሚያው አፉን ከፍቶ እንደሚቀር፣ ማንም ሳይነግረው ከክንዱ ንዝረትና ከድምፁ ለይቶ ያውቀዋል። ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ላሜራ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ተግሣጽ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከእጁ የማይለይ ዕውቀት ይሆንለታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንትም አቋቋምን ያስተማሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ መቋሚያውን ይዞ ከመሪጌታው አጠገብ ይቆማል፤ የእግሩን አረማመድና የመቋሚያውን አነሣሥም ከአካሉ ጋር እስኪያዋሕደው ድረስ ይደጋግመዋል።

ዳሩ ግን ከሰው ልጅ ሙያዎች መካከል አንዳንዶቹ እንዲህ በመሞከርና በመሳሳት ሊገኙ አይችሉም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻው ይሆናልና። ሞተሩ በሰማይ ላይ የጠፋበትን አውሮፕላን ማሳረፍ፣ በሕመምተኛ ሆድ ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማስገባት፣ ጢስ በሞላው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ መውጫን ፈልጎ ማግኘት፣ እነዚህ ሁሉ ሙያ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ለልምምድ ብሎ ገበያ የሚያቃጥል ወይም አውሮፕላን የሚጥል መምህር የለም። ለዚህ ችግር የሰው አእምሮ ያገኘው መፍትሔ ምትሐት ነው፤ ይኸውም አደጋውን በአምሳሉ ሠርቶ፣ ተማሪውን በአምሳሉ ውስጥ አስገብቶ፣ እንደ ልቡ እንዲሳሳት መፍቀድ ነው።

የዚህ ዘዴ ጀማሪ ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ፣ አባቱ በቢንግሃምተን ከተማ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ የነበራቸው ሰው ነበረ። የበረራ ትምህርት ዋጋው ውድ መሆኑን ያየው ይህ ወጣት፣ ለኦርጋን ነፋስ የሚሰጡትን ወናፎች ከአባቱ ፋብሪካ ወስዶ፣ መሬት ሳይለቅ የሚያዘነብልና የሚዞር አንድ ትንሽ የአውሮፕላን ቀፎ እ.ኤ.አ. በ1929 ሠራ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ፖቴዝ 25 የተባለው አውሮፕላን የመጀመሪያው ሆኖ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን ስናስታውስ፣ አውሮፕላንን ገና በሩቁ እያየን ባደነቅንበት ወራት ሌላው ዓለም በአምሳሉ መማር ጀምሮ እንደ ነበረ እንረዳለን። የሊንክን መሣሪያ አስቀድመው የገዙት ግን የአየር ኃይል ሰዎች አልነበሩም፤ ልጆች በሣንቲም የሚጫወቱባቸው መዝናኛ ስፍራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ታዝዘው፣ በደመናና በጨለማ ውስጥ እየተከሰከሱ በጥቂት ሳምንታት ጊዜ ከ10 የማያንሱት በሞቱ ጊዜ፣ ጦሩ ያንን የልጆች መጫወቻ አስታውሶ 6 መሣሪያዎችን እያንዳንዳቸውን በ3,500 ዶላር ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ በራሪዎች በዚያው ቀፎ ውስጥ ተቀምጠው ተማሩ።

ዛሬ በዓይን ላይ የሚደረገውና በተለምዶ የቪአር መነጽር የምንለው መሣሪያ የተወለደው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጨዋታነቱ ነው። ሞርተን ሃይሊግ የተባለ የፊልም ሰው ሥዕልን፣ ድምፅን፣ የወንበር ንዝረትን፣ ነፋስንና ሽታን ሳይቀር ባንድነት የሚሰጥ ሴንሶራማ የተባለ መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት አገኘበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ኢቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚደፋ መሣሪያ ሠራ፤ ክብደቱን የሰው አንገት አይችለውም ነበርና ከጣሪያ ላይ ስላንጠለጠለው፣ በጥንታውያን ተረት ከተቀማጩ ራስ በላይ በአንዲት ፀጉር ታስሮ በነበረው በዳሞክሊስ ሰይፍ ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአብዛኛው የመቅለልና የመርከስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ኦኩለስ የተባለውን የመነጽር ኩባንያ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ያወጣው ኩዌስት 3ኤስ የተባለው መነጽር መነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር።

አሠራሩ ከሚያስገርመው ውጤቱ ይልቅ ቀላል ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን ተራርቀው የተቀመጡ ስለሆኑ አንዱን ነገር ከተለያየ አንጻር ያዩታል፤ አእምሮም ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት ተነሥቶ ርቀትንና ጥልቀትን ይቀምራል። መነጽሩ ይህን ምሥጢር በመጠቀም ለቀኝ ዓይን አንድ፣ ለግራ ዓይን ሌላ ሥዕል በሌንስ በኩል ያቀርባል፤ በውስጡ ያሉት ጠቋሚዎችም የራስን መዞርና ማዘንበል እየለኩ ሥዕሉን በአንድ ሴኮንድ 72 ወይም 90 ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ያድሱታል። ራስ ሲዞር ሥዕሉ ፈጥኖ፣ ይኸውም በሴኮንድ ሃምሳኛ እጅ ገደማ ውስጥ፣ ካልተከተለ ግን ዓይን የሚያየውና በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ የሚሰማው ነገር ስለሚጣሉ ተመልካቹን ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። በካሜራ የተቀረጸው የ360 ዲግሪ ፊልም ካሜራው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ዙሪያውን ለማየት ብቻ ያስችላል፤ በኮምፒዩተር የተሠራው ዓለም ግን እንዲራመዱበት፣ ዕቃ እንዲያነሡበት፣ መርጠው እንዲሳሳቱበት ይፈቅዳል። እንግዲህ ስፍራን ለማሳወቅ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሙያን ለማስተማር ግን ሁለተኛው ያስፈልጋል።

በሥዕል ተከብቦ መማር ለአገራችን ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ የምትገኘውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በመካከሉ የያዘው የመቅደሱ ግድግዳ በአራት ማዕዘን በሥዕል መሸፈኑን ያስታውሳል፤ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ዙሪያውን እየሄደ ከልደት እስከ ትንሣኤ፣ ከሰማዕታት ገድል እስከ መላእክት ጦርነት ያነብ ነበር። ተንቀሳቃሹ ሥዕል በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ በጥርጣሬ ተመለከተውና በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በቅንፍ ልናገርና፣ ያ ሰይጣን ኋላ ከከተማው ጋር እጅግ ተስማምቶ በየሰፈሩ ቤት ሠርቷል፤ ዛሬ መነጽሩን አድርጎ በባዶ አየር ላይ እጁን ሲያወራጭ የታየ ሰው ቢሳቅበት፣ ሳቁ ከዚያ ዘመን ጥርጣሬ ይሻላል እንጂ አይብስም።

ምትሐቱ በእውነት ያስተምራልን ለሚል ጥያቄ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቀድመው መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የየል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በታተመው ጥናታቸው 16 የቀዶ ሕክምና ተለማማጆችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን በተለመደው ሥርዓት ብቻ፣ ግማሾቹን በተጨማሪ በአምሳል መሣሪያ አሠልጥነው፣ ሁሉንም በእውነተኛ ሕመምተኞች ላይ የሐሞት ከረጢት ሲያወጡ ተመለከቷቸው። በአምሳሉ የሠለጠኑት ሥራቸውን በ29 በመቶ ፈጥነው ሲጨርሱ፣ ያልሠለጠኑት ስሕተታቸው በአማካይ 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የተለማማጆቹ ቍጥር ጥቂት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የስሕተቱ ልዩነት በአጋጣሚ የሚመጣ መጠን አልነበረም። ከሐኪም ቤት ወደ ገበያ ስንወርድ ደግሞ ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ ታላቅ ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 17,000 የሚጠጉ መነጽሮች ለመደብሮቹ ማደል ጀመረ፤ ሠራተኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ርካሽ ዕቃ ለመሻማት የሚጋፋውን ሕዝብ ቀኑ ሳይደርስ በመነጽሩ ውስጥ እንዲያዩትና እንዲለምዱት ነው። የፋሲካን ዋዜማ በመርካቶ ያሳለፈ ሰው ይህን ትምህርት በነጻ እንደ ወሰደ ሊቈጥረው ይችላል።

በአገራችን በአምሳል የሚሰጥ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የዳበረበት ስፍራ ግን ቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ በ6 ተንቀሳቃሽ እግሮች ላይ የቆሙ፣ በውስጣቸው የእውነተኛውን አውሮፕላን የአብራሪ ክፍል የያዙ ሲሙሌተሮች አሉት፤ በመስኮታቸው ደመናውና ማረፊያው ይታያል፤ ሲያዘነብሉም አካል ማዘንበሉን ያምናል። አብራሪው በነዚህ ውስጥ የሞተር እሳትን፣ የጎማ መፈንዳትንና የነፋስ ወጀብን ደጋግሞ ያሳልፋል፤ ሞቶም ቡናውን ለመጠጣት ይወጣል። በአፍሪካ የቦይንግ 737 ማክስን ሲሙሌተር ቀድሞ ያቆመውም ይኸው አየር መንገድ ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የዚሁ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302 ማክስ አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅጣጫ ወድቆ የነበሩበት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አንድ ወር ሳይሞላ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ አውሮፕላኑ በተሳሳተ ጠቋሚ ምክንያት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ሲደፋ፣ አብራሪዎቹ በመመሪያው እንደ ተጻፈው የኤሌክትሪኩን ኃይል ቈርጠው የጭራውን ክንፍ በእጅ ለማስተካከል ሞክረው ነበር፤ ረዳት አብራሪውም እንዳልሠራ ተናግሯል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ የማክስን ሲሙሌተር ፕሮግራም ማረሙን አስታወቀ፤ በጋዜጦች እንደ ተገለጸው፣ እርማት ካስፈለገባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ በታላቅ ፍጥነት ላይ ያን በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ለማንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይል ነበር። እንግዲህ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራው፣ ደመናውን በደመናነቱ፣ መብራቱን በመብራትነቱ አሟልቶ ያሳየው አምሳል፣ አንዲት መንኰራኵር ለእጅ ምን ያህል እንደምትከብድ በትክክል አልተናገረም። የአደጋው ምክንያት በሌላ ስፍራ ነው፤ ስለ አምሳል ትምህርት ለሚያስብ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ተማሪው አምሳሉ በዋሸበት ነጥብ ላይ አለማወቁን እንኳ አያውቅም።

ሌላም በእኛ ምድር የተሠራ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻሪቲ ዋተር የተባለው የአሜሪካ የግብረ ሠናይ ድርጅት በትግራይ የምትኖር የ13 ዓመት ልጃገረድን ውኃ ፍለጋ፣ መንደሯም የጕድጓድ ውኃ ያገኘበትን ቀን በ360 ዲግሪ ፊልም አስቀርጾ፣ በኒውዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ 400 የሚሆኑ እንግዶች ባንድ ጊዜ መነጽር አድርገው እንዲያዩት አደረገ፤ በዚያች ሌሊት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ለበጎ ሥራ መዋሉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከኛ ተወስዶ መነጽሩ በሌላ ሰው ዓይን ላይ መዋሉ ያሳስበኛል። በዚህ ጥበብ እስካሁን በይበልጥ የታየን ነን፤ የተማርንበት ግን ከቦሌ ቅጥር ግቢና ከጥቂት ቦታዎች ብዙም አላለፈም።

ወደ መርካቶ የምመለሰው ስለዚህ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሰዓታት ፈጅቶ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት ዐመድ አደረገ፤ የእሳት አደጋ መኪኖች በተጨናነቀው ስፍራ ለመግባት መቸገራቸውንም የከተማው አስተዳደር ተናግሯል። ይህ ችግር ከገበያው አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ገበያ በየሸቀጡ ተራ ተራ ሆኖ አደገ፤ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደገፈ፤ በረንዳው መጋዘን፣ መጋዘኑም መተላለፊያ ሆነ፤ ከአንድ ቈጣሪ የወጣው ሽቦም በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየተሰካ ብዙ ሱቅ ያበራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባለቤት ሱቅ ጠባቂው፣ ተሸካሚውና የጎረቤቱ ነጋዴ ናቸው እንጂ ገና መንገድ ላይ ያለው መኪና አይደለም።

ለእነርሱ ምን ዐይነት ትምህርት ሊሰጥ እንደሚችል እንመልከት። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀይ የእሳት ማጥፊያ ብዙ ሰው ያየዋል፤ ይዞት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቀለበት ያለበትን መቈለፊያ መንቀል፣ አፈሙዙን በነበልባሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ላይ ማነጣጠር፣ እጀታውን መጨበጥ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጉ መርጨት፤ ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን በሱቅ ውስጥ የሚገኘው ዐይነት ማጥፊያ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተረጭቶ ያልቃል፤ ደንግጦ ነበልባሉን የረጨ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። በውጭ አገር የሚሠራበት ሥልጠና እንዲህ ነው፤ ተማሪው መነጽሩን አድርጎ፣ ጠቋሚ የተገጠመለትን ባዶ ማጥፊያ በእጁ ይዞ፣ በፊቱ የተነሣውን እሳት ይጋፈጣል፤ ከዘገየ እሳቱ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ በተሳሳተ ቦታ ከረጨ ዱቄቱ ያልቃል፤ ከተጠጋ ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያም ያንኑ እሳት እንደገና ያነድለታል። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው ምን እንደሚያገኘው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ የለም፤ ጢስ በወረደ ጊዜ ጎንበስ ማለትን፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ለነጋዴ ልብ እጅግ የሚከብደውን፣ ጆንያውን ትቶ መውጣትን አስቀድሞ ያስለምዳል።

ይህን ትምህርት ተዘጋጅቶ ከውጭ አገር መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። በነዚያ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው መተላለፊያ ሰፊና ባዶ ነው፤ በየበሩ ላይ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት ይበራል፤ ጣሪያው ውኃ ይረጫል። የሸማ ተራ ልጅ በዚያ ቢሠለጥን የሚማረው የሌለ በር መፈለግን ነው፤ ይህም ከዚያች መንኰራኵር ውሸት የሚያንስ አይደለም። አምሳሉ ከተራው ራሱ መወሰድ አለበት፤ የ360 ዲግሪ ካሜራ ይዞ፣ ሰው በማይበዛበት እሑድ ሳይሆን ገበያው በደራበት ቅዳሜ፣ የጨርቅ ጥቅሉ መንገዱን በዘጋበት ሰዓት ስፍራውን መቅረጽ፣ እሳቱን ደግሞ በኮምፒዩተር መሥራት ያስፈልጋል። የትኛው የብረት በር ከውስጥ እንደሚቈለፍ፣ የትኛው ደረጃ በካርቶን እንደ ተሞላ የሚያውቁት ደግሞ ጥበቃዎቹና ተሸካሚዎቹ ናቸውና ከፊልም ሠሪው አጠገብ መቀመጥ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ድምፁም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጕራጊኛ፣ በስልጥኛና በኦሮምኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚሰማው በአፍ መፍቻው ቋንቋ የተነገረውን ነው።

ስለ ወጪው የሚነሣው ሥጋት ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። በአንድ ተራ ያሉ ነጋዴዎች ለመጋዘንና ለመኪና የሚበቃ ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ናቸው፤ አንድ መነጽርና አንድ ባዶ ማጥፊያ ደግሞ ለመላው ተራ በየተራ ይበቃል። የሚከብደው ፊልሙንና ፕሮግራሙን መሥራቱ ነው፤ እሱንም ቢሆን የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ካለው ልምድ ጋር የከተማው የኮምፒዩተር ወጣቶች ቢተባበሩበት የማይቻል አይደለም። መነጽሩ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ተቀምጦ በአጭር በአጭሩ ማየት ይሻላል። መነጽሩ ከፊት ወደ ፊት ሲዛወር መጽዳት አለበት፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ተንቆ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው።

ከምናለሽ ተራ ግን መነጽሩን ባላገባው እወዳለሁ። የላሜራውን ንዝረት፣ የመሮውን መንሸራተት፣ የበርሜሉን ጠርዝ ስለት የሚያስተላልፍ መነጽር ገና አልተሠራም፤ በእጅ የሚያዙት መቈጣጠሪያዎች የሚሰጡት ቀላል መንቀጥቀጥ ከመዶሻ ምት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚያ ተራ ስሕተት ርካሽ ነው፤ አምሳል የሚያስፈልገውም ስሕተት ውድ በሆነበት ስፍራ ነው። ምናልባት ለዓይን መከላከያና ለኤሌክትሪክ መበየጃ አያያዝ ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያው መተው ይሻላል።

አንድ የሚቀር ጉዳይ አለ። የመርካቶ የቆርቆሮ ሱቆች እየፈረሱ በፎቆች እየተተኩ ነው፤ ዛሬ የተቀረጸው መተላለፊያ በሚቀጥለው ዓመት ግንብ ሊሆን፣ ግንብ የነበረውም በር ሊከፈትለት ይችላል። ፊልሙ በየጊዜው ካልታደሰ ሠልጣኙን ወደ ፈረሰ ደረጃ ይመራዋልና፣ የተራው ኮሚቴ ሥራውን የሚሰጠው ባለካሜራ አንድ ጊዜ ቀርጾ እንዳይሰናበት፣ በየዓመቱ ተመልሶ እንዲቀርጽና አሮጌውን ፊልም ከመነጽሩ እንዲያጠፋ በውሉ ላይ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት።